የለፋፊው ፈረስ

አያ ሀብቱ ልጃቸውን የሚድሩልኝ ድምፄን ከሰሙ ብቻ እንደሆነ ለሽማግሌዎቹ ቁርጡን ነገሯቸው። መሬቴን አልጠየቁም፤ በሬዎቼንም አላነሱም። «ልጁን ገበያ ላይ ደጋግሜ አይቸዋለሁ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ግን አይቸ አላውቅም» አሉ። «የሰርጉ ለት በፈረስ ይምጣና ደጄ ላይ ይፎክር። ዳሱ ውስጥ ከተቀመጥሁበት ከሰማሁት በሩ ይከፈታል። ካልሰማሁት ጠላውን እኛው እንጠጣዋለን፤ እሱም በመጣበት ይመለሳል።»

ሽማግሌዎቹ ይህን ይዘው ሲመለሱ አንዳቸውም ፊቴን ቀና ብለው አላዩም። ያውቁኛላ።

አያ ሀብቱ በወጣትነታቸው ስመ ጥር ፈረሰኛ ነበሩ። እንጅባራ ላይ የፈረሰኞች በዓል ሲከበር እርሳቸው መፎከር ከጀመሩ የሌላው ሰው ፈረስ ሳይቀር ይደነብር ነበር ይባላል። ለእርሳቸው ወንድ ማለት ድምፅ ነው። እኔ ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት የሚከብደኝ ሰው ነኝ። አንድ ቀን አዲስ ቅዳም ልወርድ ከእንጅባራ ተሳፍሬ፣ ረዳቱ ራሱ እስኪጠይቀኝ ስጠብቅ ዳንግላ ደርሻለሁ። ዳንግላ ላይም የወረድሁት መጨረሻው ስለሆነ ነው።

ከእታለማሁ ጋር የተዋወቅነውም በዝምታ ነው። አዲስ ቅዳም ገበያ ድንች ዘርግቼ እንደተቀመጥሁ ዋጋውን ጠየቀችኝ፤ በጣቴ አሳየኋት። ቀንስልኝ እንደማለት አንድ ጣቴን አጠፈችው። መልሼ ዘረጋሁት። ያን ጊዜ የሳቀችው ሳቅ ጨው ተራ ድረስ ተሰምቷል። እሷ ስትስቅ እንዲህ ናት፤ ድምፅዋን ከአባቷ ወርሳለች። ከዚያ በኋላ ድንች ቤታቸው ሞልቶ እያለ እንኳ እየመጣች ከእኔ ትገዛ ነበር።

የአባቷን ቃል ከሰማሁ በኋላ ገበያ ላይ ስንገናኝ እሷም የራሷ ጣጣ እንዳለባት ነገረችኝ። አክስቶቿ ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ካላለቀሰች ነውር ነው ብለው ይዘዋታል። እሷ ደግሞ ልታለቅስ ስትሞክር ሳቋ ይቀድማታል። ሽንኩርት ልጠው አስይዘዋት ሁሉ ሞክረው ነበር፤ ዐይኗ አነባ፣ አፏ ግን ሳቀ።

«አንተ መጮህ አትችል፣ እኔ ማልቀስ አልችል» አለችኝ። «አንተ አየነው፣ ተያይዘን ልንዋረድ ነው። ግድ የለህም፣ አፍህን ክፈትና የመጣልህን በል። የሚለፈፍ ነገር ይሁን እንጂ ምንም ይሁን።»

አባቴ በሕይወት ስለሌለ እንደ አባት ሆነው የሚድሩኝ አጎቴ አያ እንግዳው ናቸው። ፉከራ ሊያስተምሩኝ ወደ ዘንገና ሐይቅ ወሰዱኝ። ሐይቁ ዙሪያውን በገደልና በዛፍ የታጠረ ስለሆነ ድምፅ ይመልሳል። እርሳቸው አንድ ጊዜ ሲያቅራሩ ገደሉ ተቀብሎ አቅራራ፤ ጦጣዎቹ ከዛፍ ዛፍ ተራወጡ። ተራው የእኔ ሆነ። ደረቴን ነፋሁ፣ ዐይኔን ጨፈንሁ፣ ፎከርሁ። ገደሉ ምንም አልመለሰም። አንዲት ጦጣ ብቻ ወረድ ብላ፣ የሚነገራትን ለመስማት እንደሚፈልግ ሰው አንገቷን አዘንብላ አየችኝ። አጎቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው መንገድ ጀመሩና፣ «እንግዲህ ቢያንስ ጥሩ ፈረስ እንፈልግልሃለን» አሉ።

እሱም ቀላል አልሆነም። የእርሳቸው ፈረስ ሰርጉ ሲቃረብ አነከሰ። ወሩ ጥር ነው፤ ሰርጉም ጥር ነው፣ የእንጅባራው የፈረሰኞች በዓልም ጥር ነው። በሰፈራችን ያለ ፈረስ ሁሉ ወይ ሙሽራ ጭኗል ወይ ለበዓሉ ልምምድ ላይ ነው። አጎቴ በመጨረሻ እስከ አዘና ወርደው፣ ከሟች ጓደኛቸው ከአያ ውቤ ሚስት፣ ከእትዬ ዘውድነሽ፣ አንድ ቦራ ፈረስ ተውሰው በባዶ ጀርባው እየሳቡ አመጡ። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ገራም፣ ዐይኑ ሐዘንተኛ ፈረስ ነው። ስሙም ቦራ ነው። እትዬ ዘውድነሽ ሲያስረክቧቸው፣ «ውቤ እንዳስለመደው ነው። ድምፅ ካልሰማ ንቅንቅ አይልም» ብለዋቸው ነበር። አጎቴ ድምፅ የተባለው ሻኩራ መስሏቸው አንገቱ ላይ ቃጭል የሞላበት ሻኩራ አሰሩለት።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ቦራ ጀርባው ላይ በሚነጠፍ ቀይ ግላስ ተሸልሞ፣ እኔም ካባ ደርቤ፣ እያንሿሿን ወጣን። አጃቢዎቼ ግማሹ በፈረስ፣ ግማሹ በእግር ናቸው። ድረስ የሚባለው ሚዜዬ የቦራን ልጓም ይዞ ከጎኔ ይሄዳል። ድረስ ቤተሰቦቹ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ ለሁለታችን የሚሆን ምላስ ያለው ልጅ ነው። ለእኔ የሚፎክርልኝ እሱ ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር። አያ ሀብቱ ግን ይህንንም አስበውበት ሚዜ አፉን እንዳይከፍት አስጠንቅቀዋል።

ወደ አያ ሀብቱ ቤት የሚወስደው መንገድ በሰው ደጅ ደጅ ያልፋል። የመጀመሪያው ቤት በር ላይ ስንደርስ ቦራ ቆመ።

ድረስ ልጓሙን ሳበ። አጎቴ በአለንጋ ነካ አደረጉት። ከኋላ ገፉት፤ ከፊት ገብስ አሳዩት። ገብሱን በላ፣ አመስግኖ ቆመ። አጃቢው ዘፈነለት፣ አጨበጨበለት፣ ሻኩራውን እየያዘ አንቀጨቀጨለት። ቦራ ጆሮውን ወደ እኔ ወደ ኋላ አዙሮ፣ አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሁሉ በሩን እያየ ቆመ። እኔ ወርጄ በእግሬ ልሂድ ስል አጎቴ ተቆጡ። ሙሽራ ከቤቱ ወጥቶ መንገድ ላይ ከፈረስ ከወረደ ሰርጉ ፈረሰ ማለት ነው፤ በእርሳቸው ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም።

ኔትዎርክ የሚገኘው ከጉብታው ላይ ነው። አጎቴ ወጥተው ለእትዬ ዘውድነሽ ደወሉ። ከታች ሆነን ስናያቸው መጀመሪያ ቆመው ያወራሉ፣ ቀጥሎ ራሳቸውን ይይዛሉ፣ ቀጥሎ ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላሉ። ሲወርዱ ፊታቸው ሌላ ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያ ውቤ በሕይወት ሳሉ የእድር ለፋፊ ነበሩ፤ አጎቴ ይህን ቢያውቁም ፈረሱ ያው የመርዶው ፈረስ መሆኑን አላሰቡትም። በአካባቢው ሰው ሲሞት በዚህ ፈረስ ተቀምጠው ከደጅ ደጅ እየዞሩ መርዶ የሚለፍፉ እርሳቸው ናቸው። ቦራ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ የለመደው ይህን ብቻ ነው። ሰው ተቀምጦበት በር ሲያይ ይቆማል። ከጀርባው ላይ የተቀመጠው ሰው በታላቅ ድምፅ ለፍፎ ሲጨርስ ወደሚቀጥለው በር ይሄዳል። ካልተለፈፈ ግን ሥራው አላለቀምና አይነቃነቅም።

ድረስ ከመሬት ሆኖ ሊለፍፍ ሞከረ። ቦራ ዞር ብሎ አየውና መልሶ ወደ በሩ ዞረ። ድምፁ ከጀርባው መምጣት አለበት።

ሁሉም እኔን አዩኝ። አጎቴ ጠጋ ብለው የአያ ውቤን አባባል ከነዜማው በጆሮዬ ነገሩኝ። መነሻው «ስማ አገር፣ ስማ ጎረቤት!» ነው። መካከሉ የሟቹ ስም ነው። መጨረሻው «የሰማህ ላልሰማው አድርስ!» ሲሆን፣ «አድርስ» የሚለው ትንፋሽ እስኪያልቅ ይጎተታል። ፈረሱ የሚነሣው በ«አድርስ» ነው። መካከሉን የፈለግኸውን በለው፣ ብቻ ዜማውን አታበላሽ አሉኝ።

ለስለስ አድርጌ አልሁት። ቦራ ጆሮውን አቆመ እንጂ እግሩን አላነሣም። ትንሽ ከፍ አድርጌ አልሁት። ምንም የለም። ጀምበሯ ወደ ላይ እየወጣች ነው። አያ ሀብቱ ዳሳቸው ውስጥ፣ እታለማሁ ጓዳ ውስጥ፣ እኔ ሰው ደጅ ላይ። ከዚህ የባሰ ውርደት እንደሌለ ሲገባኝ ዐይኔን ጨፈንሁና ለቀቅሁት።

«ስማ አገር! ስማ ጎረቤት! አየነው፣ የእንግዳው የወንድም ልጅ፣ ዛሬ ሚስት ሊያገባ መንገድ ጀምሯል! የሰማህ ላልሰማው አድርስ!»

ድምፁ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት ጉሮሮዬ ሲያቃጥለኝ ነው። ቦራ ጭራውን ወዝወዝ አድርጎ፣ ሥራውን እንደሚወድ ሰው፣ ደስ ብሎት ተነሣ።

ችግሩ ሰው የሚሰማው ቃሉን አለመሆኑ ነው። የዚያ ዜማ መነሻ ከተሰማ ጆሮ የቀረውን አይጠብቅም። የቤቱ ባለቤት ገና «ስማ አገር» ስል ከእጁ ያለውን ጥሎ፣ ጋቢውን እያገለደመ ወጣ። ሚስቱ ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ ለሐዘን ለብሳ ተከተለችው። ድረስ እየሮጠ ሰርግ ነው፣ ማንም አልሞተም እያለ ማስረዳት ጀመረ። እነሱም አፈሩ። ለብሰው ከወጡ በኋላ መመለሱም አልሆነላቸውም፤ ሲያንገራግሩ ቆይተው ከኋላችን ተሰለፉ።

በቀጣዩ በርም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ በኋላ ባለውም። እኔ እለፍፋለሁ፣ ቦራ ይሄዳል፣ ድረስ ያስረዳል፣ ሰው ይጨመራል። ለከሰል በተተከለው የዲከረንስ ዛፍ መካከል ስናልፍ እንኳ፣ ከሰል የሚያከስሉ ሰዎች ፊታቸው ጥላሸት እንደሆነ ብቅ ብለው፣ ማን ነው የሞተው እያሉ ጠየቁን። እነሱም መጡ። ከፊት እልል የሚሉ፣ ከኋላ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው አንገታቸውን የደፉ፤ መንገድ ላይ ያገኘን የባጃጅ ሹፌር ለየትኛው ወገን ጥሩምባውን እንደሚነፋ ጨንቆት ዝም ብሎ ጥጉን ይዞ አሳለፈን።

ከእማማ ደብሪቱ በር ላይ ነው የባሰው። እማማ ደብሪቱ ጆሯቸው ትንሽ ደከም ያለ፣ ሙሾ በማውረድ የታወቁ አሮጊት ናቸው። ከልፈፋዬ ውስጥ «አየነው» የሚለውን ብቻ ለይተው ሰሙ። ወገባቸውን ታጥቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ከበራቸው ወጡ። መጀመሪያ በአዊኛ አለቀሱልኝ፤ ቀጥሎ ያልገባው እንዳይኖር በአማርኛ ደገሙት፤

ሰው አይቶ የሚሸሽ፣ ቃሉ የማይወጣው፣
ሞት በምን ቋንቋ ነው፣ አግባብቶ የወሰደው።

ሟቹ እኔ ፈረስ ላይ ተቀምጬ ሰማሁት። እውነቴን ነው፣ ጥሩ ሙሾ ነበር። ከአጃቢዎቼ መካከል አንድ ሁለቱ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ።

ቦራ ግን ለቅሶውን ሲሰማ «አድርስ» ተብሎ እያለ መንገዱን ተወና ዞሮ ወደ እማማ ደብሪቱ ሄደ። አንገቱን ትከሻቸው ላይ አስደግፎ ቆመ። አጎቴ ያን ጊዜ አስታወሱት፤ አያ ውቤ ለቅሶ የተነሣበት ቤት ላይ ወርደው ሐዘንተኛውን የሚያጽናኑ፣ ጠላም የሚቀመስላቸው ሰው ነበሩ። ለቦራ ለቅሶ ማለት ዕረፍት ነው። ድረስ በእማማ ደብሪቱ ጆሮ ሙሽራ ነው፣ አልሞተም ብሎ እስኪጮህባቸው ቦራ አልተንቀሳቀሰም። እርሳቸው ቀና ብለው አዩኝ። መጀመሪያ ተቆጡ። «ኤዲያ! እንዲህ ያለ ሙሾ በከንቱ አስወጣኸኝ» አሉኝ። ቀጥለው እልልታቸውን አቀለጡት፤ ነጠላቸውን ሳያቀኑ ከፊት ገቡ።

አያ ሀብቱ ደጅ ስንደርስ የሰርገኛው ብዛት ከተነጋገርነው በላይ ሆኗል። የሰፈሩ ኮረዶች በሩን ከውስጥ ዘግተው፣ ሙሽራው ይፎክር ይላሉ። የመንገድ ልፈፋዬን የከበሮው ጩኸት ውጦት ኖሮ፣ ከዳሱ ውስጥ የአያ ሀብቱ ድምፅ ተሰማ። ገና ነው፣ ምንም አልሰማሁም ይላሉ። ቦራ እንደ ልማዱ ከበሩ ፊት ቆመ። ከበሮው ቆመ።

አጎቴ ያስጠኑኝን ፉከራ ለመጀመር አፌን ከፈትሁ። አልመጣም። ያን ሁሉ መንገድ ሲጮህ የመጣው ሰውዬ የት እንደሄደ እንጃ፤ እታለማሁ ከዚህ በር በስተጀርባ ናት ብዬ ሳስብ ፉከራው ከነአካቴው ጠፋኝ። አንዷ ኮረዳ በአጥሩ ቀዳዳ እያየች፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም ስትል ሰማኋት። ከውስጥ ተሳሳቁ። አጎቴ መሬት መሬት ያያሉ።

ያን ጊዜ ቦራ ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ። ሥራህን ሥራ የሚል ጆሮ ነው። ደግሞም ልክ ነበር፤ አፌ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ።

«ስማ አገር! ስማ ጎረቤት!»

ከውስጥ ሳቁ ተቆረጠ። ለሙሽራ በር መዝጋት ልማድ ነው፤ መርዶ ይዞ ለመጣ ግን በእኛ አገር በር ዘግቶ የሚቆም ሰው የለም። ኮረዶቹ ራሳቸው መወርወሪያውን ሳቡት፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። አያ ሀብቱ ከዳሱ እየሮጡ ወጡ፤ እግራቸው ጫማ አላደረገም። ጋቢያቸው መሬት ይጎተታል። ከኋላቸው እንግዳው ሁሉ ብርሌውን እንደያዘ ግር ብሎ ተነሣ።

«ማን ነው? ማን ነው የሞተው?» አሉ፤ ያ ሁሉ የሚያስደነብር ድምፃቸው ቀጥኖ።

እኔ ግን መካከል ላይ ነኝ፤ ማቆም አልችልም። «አየነው፣ የእንግዳው የወንድም ልጅ፣ እታለማሁን ሊያገባ በር ላይ ቆሟል! የሰማህ ላልሰማው አድርስ!»

ቦራ «አድርስን» ሰማ። በተከፈተው በር ይገባል ብዬ ስጠብቅ ወደ ቀኝ ዞረና ወደ ጎረቤት ቤት ሶምሶማ ጀመረ። ልጓሙን ሳብሁ፤ የሚሰማኝ የለም። መልእክቱ እዚህ ደርሷል፣ ገና ያልሰሙ ቤቶች አሉ። የፈረስ አጃቢዎቼ ሙሽራው ጉግስ ሊያሳይ መስሏቸው እየፎከሩ ተከተሉኝ። ወደ ኋላ ዞሬ ሳይ አያ ሀብቱ በባዶ እግራቸው ቆመው፣ ልጃቸውን ሊወስድ መጥቶ የሚሸሽ ሙሽራ ያያሉ።

ያን ጊዜ ከጓዳ እታለማሁ ወጣች። ሙሽራ ሳትጠራ አትወጣም፤ እሷ ግን ፊቷን የሸፈነውን ዐይነ ርግብ ወደ ኋላ ወርውራ ወጣች። የእኔን ጀርባና የቦራን ጭራ አየች። ከአጠገቧ እማማ ደብሪቱ ቆመው ነበር፤ የተዘቀዘቀ ነጠላቸውን አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እርሳቸው በፍጥነት፣ ያ ፈረስ የሚመለሰው በለቅሶ ብቻ ነው አሏት።

እታለማሁ አለቀሰች። በድምፅ፣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና፤ ጨው ተራ ድረስ የሚሰማውን ሳቋን ገልብጣ አለቀሰችው። «ወየው ወየው! ኧረ አየነው ጥሎኝ ሄደ!»

ቦራ ቆመ። ጆሮውን አቀና። ከዚያ እንደ ጥይት ዞሮ፣ ተከትለውኝ የመጡትን ፈረሰኞች እየሰነጠቀ፣ በተከፈተው በር ገብቶ፣ አያ ሀብቱን አልፎ፣ እታለማሁ ፊት ደርሶ ቆመና አንገቱን ትከሻዋ ላይ ጣለ። እኔ አንገቱን አቅፌ ስለነበር ፊቴ ከፊቷ ጋር ተገናኘ።

አክስቶቿ ተቃቅፈው ተላቀሱ። እንኳን አለቀሰች፣ እንዲያው ይህን የመሰለ የሙሽራ ለቅሶ ሰምተንም አናውቅ ተባባሉ። እሷ ዐይነ ርግቧን መልሳ ጣለችው፤ ከሥሩ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ቀስ ብላ፣ አሁን ካላስወጣኸኝ እዚሁ ልስቅ ነው አለችኝ።

የቀሩት አያ ሀብቱ ናቸው። ጫማቸውን አምጥተውላቸው ቆመው አጠለቁ። ቀረብ ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«በእውነት ማንም አልሞተም?» አሉኝ።

«አልሞተም፣ አባባ» አልኋቸው። ይህን ያልሁት በተለመደው ድምፄ ስለነበር እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አደረጉ፤ ደግሜ ነገርኋቸው።

«በሕይወቴ ብዙ ፉከራ ሰምቻለሁ» አሉ። «ያለ ጫማ ያስወጣኝ ግን አንተ ነህ። ግቡ በሉ፤ ምን ትቆማላችሁ።»

ጠላው እንደማይበቃ ግልጽ ነበር፤ ግን ለቅሶ ብለው የመጡት ሴቶች አብዛኞቹ እንደ ሐዘን ደንብ ንፍሮም እንጀራም በየመሶባቸው ይዘው ስለነበር በዚያ ተሞላ። በሰርግ ላይ ንፍሮ የተበላው ያን ቀን ብቻ ነው።

ስንመለስ እታለማሁ ከኋላዬ ቦራ ላይ ተቀመጠች። የሸኙን ሁሉ ከበሩ ላይ ቆመዋል። የጎረቤቱ በር ላይ ስንደርስ ቦራ ቆመ። አፌን ከፈትሁ፤ ጠዋት ሁሉ ስለፍፍ ውዬ ጉሮሮዬ ተዘግቷል፣ ጭራሽ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ቦራ ጆሮውን አዞረና ጠበቀ።

እታለማሁ ወገቤን በአንድ እጇ ይዛ፣ ዐይነ ርግቧን በሌላው ገለጥ አደረገች።

«ስማ አገር! ስማ ጎረቤት! እታለማሁ የሀብቱ ልጅ፣ አግብታ ሄዳለች! የሰማህ ላልሰማው አድርስ!»

ከኋላችን ከአጥሩ በላይ የአያ ሀብቱ ድምፅ መጣ፤ በእንጅባራው በዓል ፈረስ ያስደነብር የነበረው ያው ድምፅ።

«ሰምተናል!» አሉ።

ቦራ ጭራውን ወዝወዝ አድርጎ ተነሣ።